ደንገጎን በዶቅዶቄ፦ ካሜራዋ ያየቻትን እኔ አላየኋትም!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ ስንት የዶቅዶቄ ቪዲዮ አያችሁ? አንዱ በአንድ ጎማ ይቆማል። አንዱ በሁለት ሲኖትራክ መሀል ሹልክ ይላል። ሌላው ገደል አፋፍ ላይ ሲምዘገዘግ ሙዚቃው ከኋላ ይንቆረቆራል። እኛም አልጋችን ላይ ተጋድመን "ወይ ሕይወት!" እንላለን። ቪዲዮው ደቂቃ ሳይሞላው ያልቃል። ልጁ ቤቱ ይግባ አይግባ የሚነግረን ግን የለም።

እኔም የዚህ በሽታ ተጠቂ ነበርኩ፤ አልደብቃችሁም። ብር አጠራቅሜ፣ ከዱባይ የመጣች፣ ከሲጋራ ፓኮ የማትበልጥ ካሜራ ገዛሁ። "ውሃ አይገባትም፣ ብትወድቅ አትሰበርም፣ ጥርት አድርጋ በኤችዲ ትቀርጻለች" ተባለልኝ። ካሜራዋ ተገኘች፤ የቀረው ሞተርና መንገድ ነበር።

አዲስ አበባ ላይማ አይታሰብም። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንዲሁ ለመንሸራሸር ብሎ ዶቅዶቄ ማስነሳት ጣጣ ነው። ምን ላድርግ? ድሬዳዋ ላለ የልጅነት ጓደኛዬ ደወልኩ።

"አቦ ና! ሁለት ሞተር አለን፤ ደንገጎን አሳይሃለሁ። ጃኬት ብቻ እንዳትረሳ" አለኝ።

"ድሬ ላይ ጃኬት?" ብዬ ሳቅኩበት። ያሳቀኝ ነገር በኋላ በብርድ እንዳንቀጠቀጠኝ ትሰማላችሁ።

<b>ባቡር የወለዳት ከተማ</b>

ድሬዳዋ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ሰዉ። አንቱታ እምብዛም ነው። ጓደኛዬ እናቱን የሚያክሉ ባለ ሱቅ "አንቺ፣ ሁለት ውሃ ስጪን" ሲል እኔ ደንግጬ መሬት መሬት አየሁ። ሴትዮዋ ግን "ውሰድ አቦ!" ብለው እየሳቁ ሰጡት። እኔ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" ስላቸው ነው ይልቅ በጥርጣሬ ያዩኝ። "ይሄ የአዲስ አበባ ልጅ ነው" ብሎ አስረዳልኝ።

ይህችን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ከፊቱ ያለው ተራራ ቀጥ ያለ፣ ወጪውም የማይቻል ሆነ። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እግረ ተራራው ላይ ደረሰና ወደ ሐረር መውጣቱ ቀረ፤ እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" እስከመባል ደርሳ ነበር። የከዚራ ዛፍ ያጠላበት ቀጥ ያለ ጎዳና፣ የለገሀሬው ጣቢያ፣ ማዶ ደግሞ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላና ቀፊራ፣ ሁሉም ከዚያ የባቡር ጉዳይ የመጣ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ባቡር የፈራውን ተራራ እኛ በ150 ሲሲ ዶቅዶቄ ልንወጣው ነው! እሱ ብቻ አይደለም፤ እየወጣን ልንቀርጸው!

<b>ካሜራዋ የት ትሰቀል?</b>

የጓደኛዬ ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን የፈጀው ጥያቄ ይሄ ነው። ካሜራ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረግን፤ መሪው ላይ አሰርናት። ከዚራን አንድ ዙር ዞረን መጣንና ቪዲዮውን ከፈትነው። እናንተዬ! አስፋልቱ አስፋልት አይደለም፤ እሳት ላይ ያለ አጥሚት ነው። ዛፉ ይወዛወዛል፣ የመብራት ምሰሶው እንደ ዘፋኝ ወገቡን ይሰብቃል።

ካሜራዋ ተበላሽታ አይደለም። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ካሜራዎች ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ጠቅ አድርገው አያነሱም። ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያነበቡ ነው የሚወርዱት። የላይኛው መስመር ተነቦ የታችኛው እስኪደርስ ሞተሩ መሪውን ካንቀጠቀጠው፣ ቀጥ ያለው ምሰሶ ጠማማ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሲሊንደር ያለው የእኛ አገር ዶቅዶቄ ደግሞ በመንቀጥቀጥ የሚስተካከለው የለም።

ቀጥለን ደረት ላይ ሞከርን። ይሄ ይሻላል። የሰው ገላ ራሱ ንዝረት ይውጣል፤ እጅና መሪም አብረው ስለሚታዩ ተመልካቹ እሱ ራሱ የሚነዳ ይመስለዋል። ጉዳቱ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ያላችሁ እንደሆነ የሚቀረጸው የነዳጅ ጋኑ ነው። ሄልሜት አናት ላይ ሲሰቀል ከፍ ብሎ ያያል፤ ነገር ግን ነፋስ አንገት ይጎትታል፣ ቢወደቅ ደግሞ የሆነ ነገር ይዞ አንገት ሊጠመዝዝ ይችላል። በመጨረሻ አገጭ ላይ፣ ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ሄልሜት መንጋጋ ላይ ለጠፍናት። የሚያምረው ይሄ ነው። ወደምታዩበት ታያለች፤ አንገታችሁን ስታዞሩ ትዞራለች።

አንድ ችግር ግን አለ። አገጭ ላይ ያለች ካሜራ መብራቷ ለባለቤቱ አይታየውም። እየቀረጸች ይሁን ተኝታ በምን ይታወቃል? እኔ ምን የመሰለ መላ ዘየድኩ! ስልኬን መሪው ላይ አሰርኩና ከካሜራዋ ጋር አገናኘሁት። ካሜራዋ የምታየውን በስልኬ አያለሁ፤ ቀይ ነጥቧም ብልጭ ድርግም ስትል ይታየኛል።

ጓደኛዬ አየት አደረገኝና "መንገዱንስ ማን ያየዋል?" አለኝ።

ቀልድ መሰለኝ።

<b>ደንገጎ</b>

"ጠዋት እንውጣ" ስለው እምቢ አለ። ምክንያቱ የባለሙያ ነው። ደንገጎ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ከሄዳችሁ ፀሐይ ፊት ለፊት ሌንሱ ውስጥ ትገባና ሰማዩ ነጭ፣ መንገዱ ጥቁር ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከኋላ ናት። በማግስቱ ጠዋት ስትመለሱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ስለሆነ አሁንም ከኋላ ናት። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሳን።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ላይ ስትደርሱ 2,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ከተማው እንዳለቀ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። ድንጋያማ ኮረብታ፣ ግራር፣ አንድ ኩርባ፣ ሌላ ኩርባ። ሞተሩ ያቃስታል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ በአራተኛ ማርሽ ይሄድ የነበረው ወደ ሦስተኛ ይለምናል። ዞር ስትሉ ድሬ ከታች አቧራ ውስጥ ተዘርግታለች።

ከላይ ወደ ታች የሚመጡት የጫት መኪኖች ናቸው። ጫት እንደ ወተት ነው፤ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። ስለዚህ ሹፌሮቹ ጊዜ የላቸውም። ክላክሳቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ከዚያ ፉው! ብለው ያልፋሉ፤ ነፋሱ ብቻ ዶቅዶቄውን ያወዛውዘዋል።

ግማሽ መንገድ ላይ ከፊቴ አንድ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ይንፏቀቃል። ጓደኛዬ ቀድሞ አልፎ ከእይታ ጠፍቷል። እኔ ልቤ ምን አለኝ? "ይሄን አይሱዙ ኩርባው ላይ ስታልፈው የሚወጣው ሥዕል!" ነዳጅ ሰጠሁት። ወደ ግራ ወጣሁ። አጠገቡ ስደርስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ካሜራዋ እየቀረጸች ነው? ስልኬን አየት አደረግኩ። ቀይ ነጥቧ አለች። ቀና ብዬ አይሱዙውን አለፍኩ፤ ወደ ቀኜ ገባሁ። ከፊት ምንም አልመጣም። ጓደኛዬ ላይ ስደርስ አውራ ጣቴን አሳየሁት። ጀግና ነኛ!

ደንገጎ መገንጠያ ላይ ቆምን። ወደ ቀኝ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ ወደ ግራ ሐረር። ብርዱ አንጀት ይገባል። ጃኬቱን ከቦርሳ ሳወጣ ጓደኛዬ ምንም አላለም፤ ሳቀ ብቻ።

<b>ሐረማያና አወዳይ</b>

ከደንገጎ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው። ፀሐይ ከኋላ ሆና ሁሉን ነገር ወርቅ ታለብሰዋለች። አዴሌን አለፍን፤ ሐረማያ ደረስን። ይህ ሐይቅ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ጨርሶ ደርቆ፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት ከብት ይጋጥበት ነበር። ውሃው ለመስኖም ለከተማም ሲቀዳ፣ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈር ሲሞላው፣ አለቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል። እዚህ ላይ ቆማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ካሜራዋን ድንጋይ ላይ አስቀምጣችሁ ቅረጹ። ሁሉ ነገር እየሮጠ ካልሆነ አይቀረጽም ያለው ማነው?

አወዳይ ስንቃረብ ጓደኛዬ ዳር ያዘና "እዚህ አጥፋ" አለኝ። አወዳይ የጫት ገበያ ናት። መንገዱ ዳር እስከ ዳር ሰው፣ ጭነት፣ ገንዘብ፣ ጩኸት ነው። ሰው በሥራው ላይ እያለ፣ ብሩን እየቆጠረ፣ ፊቱ ላይ ካሜራ ስትደቅኑበት ደስ አይለውም። እናንተስ ደስ ይላችኋል? "መቅረጽ ከፈለግክ ውረድ፣ ሄልሜትህን አውልቅ፣ ሰላም በል፣ ጠይቅ። ሄልሜት ያደረገ ሰው ፊት የለውም፤ ፊት የሌለው ሰው ደግሞ ፊት ሲቀርጽ ነውር ነው" አለ። ይሄን አባባል ወደድኩት። አጠፋሁ።

<b>ሐረር፦ ራሱን የቀረጸው ፈረንጅ</b>

ሐረር ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ጁገል ውስጥ ዶቅዶቄ ይዞ መዞር አይመከርም፤ አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሞተሩን አቁመን በእግር ገባን። በግንብ የታጠረችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች፤ ውስጧ 82 መስጊድ እንዳለ ይነገራል። መኪና ግርግር የሚባለው ጎዳና ላይ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ያንቀረቅባሉ፤ ስሙም ከዚያ ድምፅ የመጣ ነው። ዶቅዶቄ ላይ ሆናችሁ ብትመጡ ኖሮ ይሄን ድምፅ አትሰሙትም ነበር።

ራምቦ ቤት የሚባለውንም ከውጭ አየነው። አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ገጣሚ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ላይ ነው። ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። ታዲያ ይሄ ሰው ከአገሩ ካሜራ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ሐረር ራሱን ፎቶ አነሳና ለእናቱ ላከ። ሰልፊ እንበለው? ሥዕሎቹ ነጣ ብለው ስለወጡ፣ ያጠበበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ነው ብሎ ለእናቱ ጽፏል። እንግዲህ "እዩኝ፣ እዚህ ነኝ" ማለት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ እሱ ካሜራውን መሬት ላይ ተክሎ ነበር፤ እኔ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ።

<b>"ልጅቷስ?"</b>

ያደርነው ጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። "እንደምን አመሹ፣ እርስዎ..." ብዬ ስጀምር "እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ!" ብለው ተቆጡኝ። ሆጃ አፈሉልን፤ የቡና ገለባ ከወተት ጋር። ለብርዱ መድኃኒት ነው።

ከዚያ ላፕቶፕ ተከፈተ። ቪዲዮው እውነትም ያምራል! ድሬ ከታች፣ ኩርባው፣ ግራሩ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። አክስትየው ትራስ ተደግፈው "ማሻአላህ" እያሉ ያያሉ። አይሱዙው መጣ። ልቤ በኩራት አበጠ። "ይሄውና፣ ይሄን እዩልኝ" አልኩ። አይሱዙውን አለፍኩ። ቪዲዮው ቀጠለ።

"ልጅቷስ?" አሉ አክስትየው።

"የቷ ልጅ?"

"ልጅቷ ነቻ! ወዴት ሄደች?"

እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ምንም ልጅ አላየንም። መለስነው። አሁንም አላየንም። "ቀስ አድርጉት እንጂ" አሉ። ቀስ አደረግነው።

በግራ በኩል፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ቢጫ ጄሪካን የያዘች ልጅ ቆማለች። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ከአይሱዙው ጎን ስወጣ በቀጥታ ወደሷ ነው የምሄደው። ሥዕሉ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ይላል። ጓደኛዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገና "እዚህ ጋ ስልክህን አየህ" አለ። ሥዕሉ ቀና ሲል ልጅቷ የለችም። ጄሪካኑ ብቻ መንገዱ ዳር ተጋድሟል። እሷ ከአፋፉ ወደ ታች ዘላለች።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። እኔ ስልኬን ያየሁት ለ2 ሴኮንድ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ቆጠርነው። 28 ሜትር ዓይኔን ጨፍኜ ነዳሁ ማለት ነው። ካሜራዋ በሴኮንድ 60 ሥዕል ታነሳለች። በዚያ 2 ሴኮንድ ውስጥ 120 ሥዕል አንስታለች፤ እያንዳንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጠብጣብ ያለው፣ የልጅቷ ሻርፕ ቀለም ሳይቀር የሚታይበት። ከ120ው እኔ አንዱንም አላየሁም።

ማንም አልተናገረኝም። አክስትየው ሆጃውን ጨመሩልኝና "አላህ አተረፋት" ብለው ተነሱ። እኔ ግን ሌሊቱን ጅቦቹ ሲያላዝኑ እየሰማሁ አደርኩ። የሐረርን ጅብ ማታ ሲመገብ ልቀርጽ አቅጄ ነበር። ማን ካሜራ ያንሳ!

<b>ኩርባው ላይ</b>

ጠዋት ስንነሳ ስልኬን ከመሪው ፈታሁና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ካሜራዋን ግን አልተውኳትም። ግቢ ውስጥ ቆሜ አበራኋት፤ ጓደኛዬን "ቀይ መብራቷ አለች?" አልኩት፤ "አለች" አለኝ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ትቅረጽ አትቅረጽ የሷ ጉዳይ ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያንን ኩርባ ፈለግነው። አገኘነው። ዳር ላይ ሞተሮቹን አቆምን። ጄሪካኑ የለም፤ ልጅቷም የለችም። ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ ፍየል ይጠብቃሉ። ካሜራዋን አጥፍቼ ሄልሜቴን አወለቅኩ። ጓደኛዬ "አባ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸውና ትናንት የሆነውን ነገራቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ያሉትን ተረጎመልኝ።

"ልጆቹ ለምደዋል። የዶቅዶቄ ድምፅ ሲሰሙ ወደ አፋፉ ይሸሻሉ። ውሃው ይፈሳል እንጂ እነሱ ደህና ናቸው። ተመልሰው ይቀዳሉ።"

ለምደዋል! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ እንዲያደርሱልን ነገርናቸው። ማንን እንደምንል በደንብ ገብቷቸዋል፤ "እሺ" አሉ። ከዚያ ወደ ሄልሜቴ እያመለከቱ አንድ ነገር ጠየቁ። ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብሎ ተረጎመው፦ "አሁንም እየቀረጸ ነው ወይ ይላሉ።"

"ጠፍቷል" አልኩ። ደግነቱ እውነቴን ነበር።

<b>እንግዲህ ምክር ቢጤ</b>

ካሜራችሁን ሸጣችሁ ብሉበት አልልም። እኔም አልሸጥኩም። የሚገርመው፣ ድሬ ደርሰን ሁለቱን ቀን ስናወዳድር፣ የመልሱ ቪዲዮ ከሄዱበት በብዙ ይበልጣል። በ40 ነው የወረድነው። ሞተሩ ስላልጮኸ ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም፤ ነፋሱ ስላልበረታ ድምፁ ይሰማል፤ ኩርባው ላይ ስላልተጣደፍን ተመልካች አገሩን ያያል። ለነፍሳችሁ የሚበጀው ለቪዲዮውም የሚበጀው ነው። ይሄን ካወቃችሁ የቀረው ቀላል ነው፦

1. ሳትነሱ አብሩ፤ ስትቆሙ አጥፉ። መሀል ላይ እጅም ዓይንም አይሄድም። የማያስፈልገውን ቤት ሆናችሁ ትቆርጡታላችሁ። ካርድ ይሞላል ብላችሁ አትስጉ። በሙሉ ኤችዲ፣ በሴኮንድ 30 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት የሚወስደው 13 ጊጋ ያህል ነው፤ 64 ጊጋ ካርድ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል። ከካርዱ በፊት የሚያልቀው ባትሪ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ያዙ። የምትቀይሩት ግን ቆማችሁ ነው።

2. ስልካችሁን መሪ ላይ አትሰሩ። ዓይን መስረቁ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩ ራሱ ይጎዳል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊያበላሽ እንደሚችል ለደንበኞቹ አሳስቧል። በውድ ገንዘብ የተገዛ ስልክ በአጥሚት ሥዕል መቅረት የለበትም።

3. ሄልሜት አትብሱ። ማጣበቂያ ወይም መታጠቂያ ተጠቀሙ። የተበሳ ሄልሜት ሄልሜት አይደለም፤ ባርኔጣ ነው። ካሜራዋ ተላቃ ከኋላችሁ የሚመጣውን እንዳትመታ በቀጭን ገመድም እሰሯት።

4. በሴኮንድ 60 ሥዕል ላይ አድርጉት። ኩርባና ንዝረት ላለበት መንገድ ከ30 ይሻላል፤ በኋላ ቀስ አድርጋችሁ ለማሳየትም ይመቻል። 4ኬ ካላት ደስ ይበላችሁ፤ ግን ስልክ ላይ ለሚታይ ቪዲዮ ሙሉ ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው።

5. የነፋስ ነገር። ማይኩ ላይ ትንሽ ስፖንጅ ለጥፉበት። የውጭ ማይክ ከተገኘ ጃኬት ውስጥ ይግባ። ሙዚቃ ከመለጠፋችሁ በፊት የአገሩን ድምፅ ስሙት።

6. ሌንሱን በካናቴራ አትጥረጉ። አቧራው ራሱ ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ፣ ከዚያ የመነጽር ጨርቅ።

7. ኬላና የጦር ካምፕ ስትደርሱ አጥፉ። ገበያና የሰው ደጃፍ ስትደርሱ ውረዱና ጠይቁ።

8. ቪዲዮውን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ እዩት። ራሳችሁን ሳይሆን ዳር ዳሩን። ማን ቆሟል? ማን ዘለለ? ለመውደድ ቁጥር ብላችሁ የለጠፋችሁት ውስጥ ማን አለ?

ያቺ የአይሱዙ ቪዲዮ አሁንም አለች። አልለጠፍኳትም፤ አልደመሰስኳትምም። ሞተር ላይ ከመውጣቴ በፊት አንዳንዴ እከፍታታለሁ። ቢጫ ጄሪካኗን አያታለሁ፤ ከዚያ ስልኬን ኪሴ እከታለሁ።

ካሜራ ብትረሱ ቪዲዮ ይቀርባችኋል፤ መንገዱን ብትረሱ ግን የሚቀረው የሰው ልጅ ነው። በሉ እንግዲህ፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ!